በኤረር በር በኩል የቁስል ቅባት ታሪክ፤ ከከርቤ እስከ ዕድገት ቀስቃሽ

የአገራችን የሕክምና ታሪክ እስካሁን በብዛት የተጻፈው ከቤተ መንግሥት በኩል ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ የትኛውን የውጭ አገር ሐኪም እንዳስመጡ፣ ሆስፒታሎቹም በማን ትእዛዝ እንደ ተሠሩ ተመዝግቧል። የታመመው ሰው ግን በቁስሉ ላይ ምን ይቀባ እንደ ነበር፣ የተቀባውም ነገር ጠቅሞት ወይም ጐድቶት እንደ ሆነ የጠየቀ ጸሐፊ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ ቦታ፣ ማለት በሐረር ጁገል በኤረር በርና ከዚያ ወደ ምሥራቅ ባለው አገር ወስነን ለመመርመር አስበናል።

ጥያቄያችን ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በዚህ አካባቢ ቁስልን ለማዳን በቆዳ ላይ ምን ይቀባ ነበር? ሁለተኛ፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና ከመጣ በኋላ ቅባት ብቻውን ለምን አልበቃም? ሦስተኛ፣ በእንግሊዝኛ ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉትና እኛ እዚህ ዕድገት ቀስቃሽ ብለን የምንጠራቸው አዲሶቹ የቆዳ መድኃኒቶች ምን ያህል ይጠቅማሉ፣ ምንስ ያህል ያሠጋሉ? ዓመታቱን ሁሉ የምንሰጠው በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. በሩና በበሩ ያለፈው

ሐረርን የከበበው ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ግንቡ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። ከአምስቱ አንዱ በምሥራቅ በኩል ያለው ሲሆን ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል፤ በአማርኛ ግን ኤረር በር ይባላል። ሁለቱም ስሞች በሩ ወዴት እንደሚያይ ይናገራሉ፤ አንደኛው ስም አርጎባዎችን፣ ሁለተኛው የኤረርን ሸለቆ ያስታውሳል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1855 በጥር ወር ወደ ሐረር በመጣ ጊዜ የገባው በዚህ በር እንደ ሆነ ይጻፋል። በዚያ ዘመን በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበርና ሰውም ሆነ ሸቀጥ የሚያልፈው በቀን ብርሃን፣ በዘበኛ ዓይን ሥር ነበር።

ሐረር በባሕሩ ጠረፍና በመሀል አገር መካከል ያለች የንግድ ከተማ ስለ ሆነች የቆዳ መድኃኒት የሚባለው ነገር ሁሉ በገበያዋ ይገኝ ነበር። ከሶማሌ አገር ቈላ ከርቤና ዕጣን ይመጣል፤ ከገጠሩ ማርና ቅቤ ይገባል፤ ሬት በየደረቁ ኮረብታ ይበቅላል፤ ሒናና እርድ ደግሞ ሴቶች ለጌጥና ለቆዳ ልስላሴ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ከእነዚህ ሌላ በጋለ ብረት መተኰስ በኢትዮጵያ በብዙ አገር የታወቀ ሕክምና ነበር።

እነዚህን የጥንት መድኃኒቶች በሁለት መንገድ መሳት ይቻላል። አንዳንዱ ሰው የአባቶች ስለ ሆኑ ብቻ ሁሉንም ያመሰግናል፤ ሌላው ደግሞ የአባቶች ስለ ሆኑ ብቻ ሁሉንም ይንቃል። ነገሩ ግን አንድ በአንድ ሊመረመር ይገባዋል። ማር ከቁስል ውኃ ይስባል፤ አሲድነት አለው፤ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥንም ጀርም የሚገድል ንጥረ ነገር ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ በጨረር ከጀርም የጸዳ ማር በታላላቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር ለቁስል ይታዘዛል። ከርቤም በቤተ ሙከራ ሲፈተን አንዳንድ ጀርሞችን እንደሚከላከል ታይቷል። ቅቤ ግን እንዲህ አይደለም። ቅቤ የደረቀ ቆዳን ያለሰልስ ይሆናል፤ በተከፈተ ቁስል ላይ፣ ይልቁንም በአራስ ሕፃን እትብት ላይ ሲቀባ ግን ጀርም ይዞ ሊገባ ስለሚችል የጤና ሠራተኞች አጥብቀው ይከለክሉታል። እንግዲህ ከአንድ ገበያ የወጡ ሁለት ነገሮች፣ አንዱ የሚያድን፣ ሁለተኛው የሚጐዳ ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ጥንታዊነት ለአንዱም ለሌላውም ምስክር ሊሆን አይችልም።

2. ቅባት የማያድነው በሽታ

ከቁስል ሁሉ የከፋ ተብሎ የተፈራው የሥጋ ደዌ ቁስል ነበር። በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን ለምጽ የሚለው ቃል ርኵስ ተብሎ ከሰፈር ለሚወጣ በሽተኛ ተነግሯል። በዛሬው አማርኛ ግን ለምጽ የምንለው ቆዳው ቀለሙን አጥቶ የሚነጣበትን፣ ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፈውን ሁኔታ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ለብዙ ሰዎች መከራ ምክንያት ሆኗል። በመሀል አገር ደግሞ ላሊበላ የሚባሉት አዝማሪዎች ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየዘፈኑ ምጽዋት የሚለምኑት፣ ዘፈኑን ቢተዉ ይህ ደዌ ይይዘናል ብለው እንደ ሆነ ይነገራል። ይህም በሽታው በዘር የሚወርድ እርግማን ነው ከሚለው እምነት የተነሣ ነው።

ነገር ግን በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በሽታውን የሚያመጣው ጀርም መሆኑን ገለጠ። እርግማን የተባለው ነገር ረቂቅ ሕይወት ያለው ጠላት መሆኑ ከታወቀ ዘንድ ሊመረመርና ሊታከም የሚችል ሆነ ማለት ነው።

በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ የተቋቋመው በ1901 ነው። ያቋቋሙት የፈረንሳይ ካፑቺን ሚስዮናዊ የነበሩት አባ ማሪ በርናር ሲሆኑ፣ በዚያ ጊዜ የሐረር ገዢ የነበሩት ራስ መኰንን ሥራውን ደግፈዋል። መጠለያው በቅዱስ እንጦንስ ስም ተሰየመ፤ በኢትዮጵያም የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። የተሠራውም ከከተማው ግንብ ውጭ ነበር። ይህን ስንጽፍ መሥራቾቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያን ዘመን በኤውሮፓም በእስያም ሕሙማኑን ከሰው መለየት እንደ ሕግ ይቈጠር ነበርና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት ከህንድ አገር ዛፍ ፍሬ የሚጨመቀው የቻልሙግራ ዘይት ነበር። ይህ ዘይት ለጽሑፋችን ጥሩ ምሳሌ ነው። በቆዳ ላይ ሲቀባ ወደ ጀርሙ ለመድረስ አይችልም፤ ሲጠጣ ያቅለሸልሻል፤ በመርፌ ሲወጋ ደግሞ ይወፍርና ከቆዳ ሥር ያብጣል። በ1915 ገደማ በሐዋይ አሊስ ቦል የተባለች ወጣት የኬሚስትሪ መምህርት ዘይቱን ለመርፌ የሚስማማ አድርጋ አዘጋጀችው። እንዲህም ሆኖ ዘይቱ ለጥቂቶች ዕረፍት ከመስጠት በቀር በሽታውን ከሥሩ አልነቀለም። ከዚህ የምንማረው አንድ መድኃኒት በቆዳ ላይ መቀባቱ ብቻ በቆዳው ውስጥ ገብቶ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንደገና እናነሣዋለን።

3. ቢሲዲሞና ሕመም የሌለው ቁስል

እውነተኛው መድኃኒት የተገኘው በ1940ዎቹ ነው። ሰልፎን የሚባሉት መድኃኒቶች በአሜሪካ በካርቪል ሆስፒታል ተፈትነው ከሠሩ በኋላ፣ ዳፕሶን የተባለው ርካሽ ክኒን በ1950ዎቹ ወደ ብዙ አገር ተዳረሰ። በሐረር በዚያን ዘመን ሕሙማኑን ያክሙ የነበሩት ፈረንሳዊው ዶክተር ፌሮን ነበሩ፤ ስማቸውም በሐረር ገንደ ፌሮን በሚባለው ሰፈር ይጠራል። በ1957 በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ ከተማ የሥጋ ደዌ ርዳታ ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራም ከሐረር በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለው የቢሲዲሞ የሕሙማን መንደርና ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ ከጊዜ በኋላ ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ የሚያገለግል ሆኗል። በአዲስ አበባም በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ጀርሙ ዳፕሶንን መልመድ በጀመረ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ፤ ኢትዮጵያም በ1983 በዚህ ሕክምና መሥራት ጀመረች። ከጊዜ በኋላም በሽታው በ6 ወይም በ12 ወር የሚድን ሆኗል።

ታዲያ ጀርሙ ከሞተ፣ ቁስሉ ለምን አልሞተም? የጽሑፋችን መካከለኛ ነጥብ ይህ ነው። ከበሽታው የዳነ፣ በምርመራም አንድ ጀርም ያልተገኘበት ሰው፣ በውስጥ እግሩ ቁስል ይዞ ለዓመታት ሲመላለስ ይታይ ነበር። የቀድሞ ሰዎች ይህን አይተው የሕሙማኑ ሥጋ በራሱ ይበሰብሳል አሉ። በደቡብ ህንድ በቬሎር ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ግን በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ነገሩን መርምረው ሌላ መልስ ሰጡ። የሕሙማኑ ሥጋ እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ የሚሽር ጤናማ ሥጋ ነው። የጠፋው ሕመም የመስማት ኀይል ነው። ጀርሙ ነርቭን ስለ ገደለ ሰውየው ጠጠር ሲወጋው፣ እሳት ሲለበልበው፣ ጫማ ሲፍቀው አይሰማውም። ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቈስል ያነክሳል፤ ማነከሱም ቁስሉን ያሳርፈዋል። ሕመም የማይሰማው ሰው ግን በቁስሉ ላይ ቀጥ ብሎ እየረገጠ ከቢሲዲሞ እስከ ሐረር ገበያ ይሄዳል።

እንግዲህ ለዚህ ቁስል ምን ዓይነት ቅባት ያድነዋል? መልሱ ግልጥ ነው፤ ሰውየው እየረገጠበት ሳለ አንድም ቅባት አያድነውም። ብራንድና ባልደረቦቻቸው እግሩን በጀሶ አሥረው ሲያሳርፉት ለዓመታት የቈየው ቁስል በሳምንታት ውስጥ ሲሽር አዩ። ከዚያ በኋላ ወፍራም ለስላሳ ጐማ ያለው ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየቀኑ በውኃ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ መሞረድ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግርን በዓይን መመርመር የሕክምናው መሠረት ሆነ። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ቅባት ቦታ አለው፤ የራሰው ቆዳ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይጠብቃል። ሥራው ግን የአገልጋይ እንጂ የጌታ አይደለም።

4. የዕድገት ቀስቃሽ መገኘት

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንሻገር። በ1950ዎቹ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን ነርቭን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ሲፈልጉ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ አወጡት። ኮኸን ይህን ቅምም በአይጥ ግልገሎች ላይ ሲወጋ ዓይኖቻቸው ከተለመደው ቀን አስቀድመው ሲከፈቱ፣ ጥርሶቻቸውም አስቀድመው ሲበቅሉ አየ። ነገሩን ቸል ሳይል ተከታትሎ፣ የላይኛውን ቆዳ ሕዋሳት የሚያበዛውን ፕሮቲን ለይቶ በ1962 አሳተመ። ሁለቱ ሊቃውንት ለዚህ ሥራ በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንስሳ ቁስሉን የሚልሰው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ይህ ፕሮቲን በምራቅ ውስጥ መገኘቱን ሲሰማ ሳይደነቅ አይቀርም።

ዕድገት ቀስቃሽ ማለት እንግዲህ በአጭር ቃል መልእክተኛ ነው። ሰው ሲቈስል ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሳትና ሌሎችም እነዚህን መልእክተኞች ይለቃሉ። መልእክተኛው በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ ሕዋሱ ተከፈል፣ ተንቀሳቀስ፣ አዲስ ሥጋ ሥራ የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሊቃውንት ይህን መልእክተኛ በፋብሪካ አዘጋጅተን በቁስል ላይ ብንቀባውስ ብለው አሰቡ።

ውጤቱ እውነተኛ ነው፤ ግን መጠነኛ ነው። በ1989 በታተመ ጥናት፣ ለንቅለ ተከላ ቆዳ ከተወሰደበት ቦታ ላይ የኮኸን ፕሮቲን ሲቀባ ቁስሉ 1 ቀን ተኩል ያህል ቀድሞ ሻረ። በ1997 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ቤካፕለርሚን የተባለውን ዝልግልግ ቅባት፣ የስኳር ሕመምተኞች ለሚይዛቸው የእግር ቁስል እንዲታዘዝ ፈቀደ። በጃፓንም በ2001 ሌላ ዕድገት ቀስቃሽ በርጭት መልክ ተፈቅዷል። የስኳር በሽታ እንደ ሥጋ ደዌ ነርቭን ይገድላልና የሁለቱ ሕሙማን ውስጥ እግር ቁስል ወንድማማች ነው። ስለዚህ የቤካፕለርሚን ታሪክ ለቢሲዲሞም ትምህርት አለው።

በ1998 በታተመው ዋና ጥናት፣ መድኃኒቱን ከተቀቡት ከ100 ሰው 50ው በ20 ሳምንት ውስጥ ፈጽመው ዳኑ። መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ቅባት ከተቀቡት ደግሞ ከ100 ሰው 35ቱ ዳኑ። ብዙ ሰው ይህን ቍጥር ሲያነብ 50 የሚለውን ብቻ ይይዛል። እኛ ግን 35 የሚለውን አስቀድመን እንድንመለከት እንመክራለን። እነዚህ 35 ሰዎች የዳኑት የሞተው ሥጋ ተቈርጦላቸው፣ ቁስሉ ታጥቦና ተሸፍኖ፣ እግራቸውም ከመረገጥ ዐርፎ ነው። በመድኃኒቱ የተጨመሩት 15ቱ ናቸው። ከዚህም ሌላ በ1996 የታተመ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ የሞተውን ሥጋ ደጋግመው በሚያነሡ ክሊኒኮች መድኃኒቱ የበለጠ ሠራ፤ ይህን ቸል ባሉት ዘንድ ግን ያነሰ ሠራ። መልእክተኛው መልእክቱን የሚያደርሰው ተቀባይ ሲያገኝ ነው፤ የሞተ ሥጋ ደግሞ መልእክት አይቀበልም።

5. ስለ አደጋው

ሕዋስን ተከፈል ብሎ የሚያዝ ነገር፣ ለካንሰር ሕዋስም ተከፈል ብሎ እንዳያዝ መፍራት የተገባ ነው። በ2008 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት፣ ከቤካፕለርሚን 3 ቱቦና ከዚያ በላይ የተጠቀሙ ሰዎች በካንሰር መሞታቸው ከሌሎቹ በዝቶ በመገኘቱ፣ በመድኃኒቱ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ የተከታተሉት ጥናቶች ይህን ፍርሃት ስላላጸኑት ማስጠንቀቂያው በ2018 ተነሣ። ሆኖም በሚቀባበት ቦታ ላይ ዕጢ ወይም ካንሰር ላለበት ሰው መድኃኒቱ ክልክል ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ክልከላ ለእኛ አገር ሕሙማን ትርጉሙ ትልቅ ነው። ለብዙ ዓመታት ያልሻረ ቁስል፣ የሥጋ ደዌውም የቃጠሎውም ቢሆን፣ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ሐኪሞች ካወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስለዚህ አሮጌ ቁስል ሲገኝ በመጀመሪያ ከጠርዙ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት። ከላይ የሚታየውን ብቻ ማከም የሚያመጣውን ጥፋት ሐረር ራሷ ታውቃለች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1891 በሐረር ሳለ ጕልበቱን ሲያመው የደም ሥር እብጠት መስሎት ከፈረንሳይ ማጥበቂያ ካልሲ እንዲላክለት ጻፈ። ውስጡ ግን ዕጢ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ባሕር አወረዱት፤ በማርሴይ እግሩ ተቈረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ሞተ።

ሁለተኛው ነገር በጤነኛ ቆዳ ላይ ስለሚቀቡት ውድ ቅባቶች ነው። በዓለም ገበያ ዕድገት ቀስቃሽ አለበት እየተባለ ፊትን ወጣት ለማድረግ የሚሸጥ ቅባት በዝቷል። የጤነኛ ቆዳ የላይኛው ሽፋን በብዛት የሚያሳልፈው ክብደታቸው ከ500 ዳልተን የማይበልጡ ንጥረ ነገሮችን ነው። የኮኸን ፕሮቲን ግን 6,000 ዳልተን ያህል ይመዝናል። በተከፈተ ቁስል ላይ በሩ ክፍት ነው፤ በጤነኛ ቆዳ ላይ ግን በሩ ተዘግቷል። የቻልሙግራን ዘይት በቆዳ ላይ እየቀቡ በውስጥ ያለውን ጀርም ለመግደል የተመኙት ሰዎች ያጋጠማቸው ችግር ይኸው ራሱ ነበር። ደግሞም እንዲህ ያሉት የውበት ቅባቶች እንደ መድኃኒት ተፈትነው ያልተፈቀዱ በመሆናቸው፣ በውስጣቸው ምን ያህል ቀስቃሽ እንዳለ ገዢው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛው የአያያዝ ነገር ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች በቀላሉ የሚበላሹ ስለ ሆኑ ቤካፕለርሚን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በባቢሌ መንገድ በፀሐይ ላይ በከረጢት የዋለ ቱቦ፣ ዋጋው እንደ ተከፈለ ቢቀርም ኀይሉ ግን አይቀርም።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ የሚከተለው ነው። በኤረር በር በኩል ባለፈው ታሪክ ሁሉ ሰው ቁስልን በቅባት ለማዳን ሲጥር ኖሯል። ማር ጠቀመ፤ ቅቤ ብዙ ጊዜ ጐዳ፤ ቻልሙግራ ተስፋ ሰጥቶ አሳዘነ፤ ዕድገት ቀስቃሽ ከ100 ሰው ለ15 ያህል ተጨማሪ ፈውስ ሰጠ። ይህ 15 የሚናቅ አይደለም። እግሩ ከመቈረጥ ለዳነው ሰው ቍጥሩ አንድና መቶ በመቶ ነው። ሆኖም ወደ 15ቱ የሚደረሰው በ35ቱ በኩል ነው እንጂ በአቋራጭ አይደለም።

ስለዚህ አንድ የገጠር ሆስፒታል ጥቂት ገንዘብ ቢኖረውና በምን ላይ ላውለው ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሳችን በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የነርቭን ስሜት በየጊዜው መመርመርና የጀርሙን መድኃኒት ሳይዘገይ መስጠት፤ ከዚያ ጫማ፤ ከዚያ ጀሶና ዕረፍት፤ ከዚያ የሠለጠነ እጅ ያለው አስታማሚ፤ ከዚያም አሮጌውን ቁስል ለካንሰር መመርመር። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቁስሉ አልሽር ሲል ብቻ፣ በሐኪም ትእዛዝና በማቀዝቀዣ ተጠብቆ፣ ዕድገት ቀስቃሹ ይታሰብ።

የኛን ትውልድ የሚጠብቀው ሥራም አለ። የቅዱስ እንጦንስን መጠለያና የቢሲዲሞን ታሪክ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ሊጻፍ ይገባል፤ በየገበያው የሚሸጠውም የቆዳ መድኃኒት ስሙና አሠራሩ ሊመዘገብ ይገባል። ጓደኞቻችን ተማሪዎች በዚህ እንዲተባበሩን፣ መምህራኖቻችንም የሳትነውን እንዲያርሙልን እንጠይቃለን። ሕመም የማይሰማው ሰው ቁስሉን የሚያውቀው በዓይኑ ሲያይ ብቻ ነውና፣ ይህን ታሪክ መመርመር ከቅባቱ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።